አልጠፋም፣ የቀነሰው ሞቱ ነው፦ ለጅቡቲ መስመር ረዳቱ ወንድሜ

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። በጅቡቲ መስመር ከአጎቴ ጋር በረዳትነት እሠራለሁ። ትልልቆቹ ሾፌሮች ስለ ኤድስ ሲያወሩ ስለ ጦርነት የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ‹እከሌም በሱ ሄደ፣ እከሌም በሱ› እያሉ ጓደኞቻቸውን ይቆጥራሉ። እኔ ግን በዕድሜዬ በኤድስ ሞተ ሲባል የሰማሁት ሰው የለም። ሬዲዮውም አያወራም። በሽታው ጠፍቶ ነው? ካልጠፋስ ለምን ዝም ተባለ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄህን ሳነብ መጀመሪያ ያደረግኩት ዕድሜህን ማስላት ነው። አንተ ስትወለድ እኔ እዚሁ አዳማ ውስጥ ከትምህርት ቤት የወጣሁ አዲስ ነርስ ነበርኩ። የተመደብኩት ተኝተው የሚታከሙ አዋቂዎች ክፍል ነው። አጎትህ ከሚቆጥራቸው ሰዎች መካከል እኔ ያስታመምኳቸው ይኖራሉ ብዬ አስባለሁ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አልጠፋም። የቀነሰው ሞቱ ነው። ዝም የተባለበት ምክንያት ግማሹ የምሥራች ነው። ሌላው ግማሽ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ዩኤንኤድስ የምንለው የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም በየዓመቱ አኃዝ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በዓለም ላይ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ያለ ሰዎች 40.8 ሚሊዮን ነበሩ። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ 1.3 ሚሊዮን ሰዎች አዲስ ተያዙ። 630 ሺህ ሰዎች ሞቱ። ለቀን ስታካፍለው በየቀኑ ከ1,700 ሰው በላይ ማለት ነው። ይሄ ጠፋ የሚባል በሽታ አይደለም። ግን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የሞተው ሰው 2.1 ሚሊዮን ነበር። አጎትህ ጎልማሳ የነበረው በዚያኛው ቁጥር ዘመን ነው። አንተ ያደግከው በዚህኛው ነው። ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የምታወሩት።

አንተ ያላየኸውን ዘመን ትንሽ ላሳይህ።

ያኔ እኛ ክፍል ለሚተኛ ሰው የምንሰጠው መድኃኒት ለቫይረሱ አልነበረም። ለሳንባ ነቀርሳው፣ ለተቅማጡ፣ አፉ ውስጥ ለወጣው ነጭ ቁስል ነበር። አንዱን ስናድን ሌላው ይነሳል። ምክንያቱን በቀላሉ ልንገርህ። ኤችአይቪ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሲዲ ፎር የሚባሉትን የነጭ ደም ሴሎች ነው የሚያጠቃው። እነሱ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ያፈርሳቸዋል። እነዚህ ሴሎች የግቢው ዘበኞች ናቸው። ዘበኛ የሌለበት ግቢ ደግሞ ማንም ይገባበታል። ኤድስ የምንለው ያንን የመጨረሻውን ደረጃ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን፣ ያለ መድኃኒት እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ 8 ወይም 10 ዓመት ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ሰውየው ጎማ ይፈታል፣ ሸራ ያስራል፣ ይስቃል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ከአንተ የሚለየው ነገር የለም።

አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አልረሳም። ከግንባሩ አንስቶ እስከ ዓይኑ ድረስ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ነበር የመጣው። ሚስቱ «ሳምባ ነው» ትላለች። እኔም «አዎ እህቴ፣ ሳምባ ነው» እላለሁ፤ ያኔ ሁላችንም እንዲህ ነበር የምናወራው። ሰውየው ትራሱ ሥር የመኪናውን ቁልፍ ያስቀምጥ ነበር። ባለንብረቱ በሌላ ቁልፍ አስነስቶ መኪናውን ለሌላ ሾፌር ከሰጠ ሁለት ወር አልፎታል። እሱም ያውቃል። ቁልፉን ግን አይለቅም። አንሶላ ልቀይር ስል ቁልፉን በእጁ ይይዝና አንጥፌ ስጨርስ መልሶ ትራሱ ሥር ያስገባዋል። አንድ ጠዋት ተረኛ ሆኜ ስገባ ቁልፉን ወደ እኔ ዘረጋው። «ሲስተር፣ ለባለቤቱ አድርሺልኝ» አለኝ። በማግስቱ አረፈ።

እንዲህ ያለ ቀን በሳምንት ብዙ ነበር። በሰፈራችን እድሩ ድንኳኑን ከአንዱ ቤት ነቅሎ መጋዘን ሳያስገባው ወደ ሌላው ቤት ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ አባትየው፣ በዓመቱ እናትየው። ልጆቹ ወደ አያት ቤት። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ምክንያት አንድ ወይም ሁለቱንም ወላጅ ያጡ ልጆች ዛሬም ከ13 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በጣም በተጎዱት አገሮች፣ በቦትስዋና፣ በሌሴቶ፣ በኢስዋቲኒ፣ የሰው አማካይ ዕድሜ ከ10 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመለሰ። መምህር፣ ነርስ፣ ገበሬ፣ ሾፌር፣ ሥራ ላይ ያለው ትውልድ ነበር የሚሞተው። ሽማግሌና ሕፃን ብቻ የቀሩባቸው ቤቶች ነበሩ። አጎትህ እንደ ጦርነት ቢያወራው አጋንኗል አትበለው።

አሁን ደግሞ ከየት መጣ የሚለውን። አንተ አልጠየቅከኝም፤ ግን «ፈረንጅ በላብራቶሪ ሠርቶ የለቀቀው ነው» የሚለው ወሬ መንገድ ላይ እንደማይጠፋህ አውቃለሁ። ስህተት ነው። ዓለምን ያዳረሰው የቫይረሱ ዓይነት የመጣው በደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን ጫካ ከሚኖሩ ቺምፓንዚዎች ነው። አውሬ ሲያድኑና ሥጋ ሲበልቱ ደም ከደም ተነካክቶ ወደ ሰው እንደተሻገረ ነው ተመራማሪዎች የሚያስረዱት። ጊዜውም ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ነው። ኪንሻሳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1959 ተወስዶ የተቀመጠ የደም ናሙና ኋላ ሲመረመር ቫይረሱ ተገኝቶበታል። በዚያን ዘመን ቫይረስ በላብራቶሪ የሚሠራ ሰው አልነበረም።

አንተን የሚመለከተው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ቫይረሱ ከጫካ ወጥቶ ኪንሻሳ ደረሰ። ኪንሻሳ ያኔ ሊዮፖልድቪል የምትባል፣ ቤልጂጎች የሚገዟት የወንዝ ወደብና የባቡር ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በባቡር ያልፍባት ነበር። ወንዶች ለሥራ ከሚስትና ከልጅ ተለይተው የሚጎርፉባት ከተማ ነበረች። ጫካ ውስጥ ቢቀር ምናልባት አንድ መንደር ጎድቶ ይከስም ነበር። ባቡር አገኘ። ከዚያ በካሪቢያን በኩል አሜሪካ ገባ። ዓለም የሰማው ግን በጣም ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት ሎስ አንጀለስ ውስጥ በብርቅዬ የሳንባ ምች የታመሙ አምስት ወጣት ወንዶችን ጉዳይ አወጣ። ወዲያው በሌላው የዓለም ጫፍ፣ በኡጋንዳ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ሰዎች እየከሱ ይሞቱ ጀመር። ሕዝቡ በሽታውን «ስሊም» አለው፤ አመንማኙ እንደማለት ነው። ከሞምባሳ ወደ ካምፓላ የሚወስደው የከባድ መኪና መንገድ ከዋናዎቹ መተላለፊያዎች አንዱ ሆነ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የማዕድን ሠራተኞች ማደሪያ። በህንድም እንደገና የከባድ መኪና መንገድ።

አየህ፣ እያንዳንዱ አገር ውስጥ ሰው ለእንጀራው ከቤቱ ርቆ የሚያድርበት ቦታ አለ።

የእኛ ደግሞ አንተ በየሳምንቱ የምታውቀው መንገድ ነው። ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ። በኢትዮጵያ የቫይረሱ ምልክት መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 በተወሰደ የደም ናሙና ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች የተመዘገቡት በ1986 ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ የአሰብ በር ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞረ። አዳማ በዚያ መስመር ላይ መኪና የሚያድርባት፣ ነዳጅ የሚቀዳባት፣ ሆቴል የሚበዛባት ከተማ ናት። ከየገጠሩ ሥራ ፍለጋ የመጡ ልጃገረዶችም የሚያርፉት እዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። ይሄን ያልኩት ሾፌርን ለመውቀስ አይደለም። ሆቴል የምትሠራዋን ልጅ ለመውቀስም አይደለም። በዚያ ዘመን ጥፋተኛ ፍለጋው ከበሽታው እኩል ገድሏል። ሾፌር ነው ያመጣው፣ ሴተኛ አዳሪ ነች ያመጣችው፣ ሲባል ሾፌሩም ሆነ ልጅቷ ምርመራ ከመሄድ ተሸሸጉ። ቤት ውስጥ ለአንድ ባል ታማኝ ሆና የኖረች ሴት ደግሞ «እኔን አይመለከተኝም» ብላ ቀረች። እኔ ክፍል ከተኙት ሴቶች ብዙዎቹ ከባላቸው ሌላ ወንድ የማያውቁ ነበሩ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ይሄን ስጽፍ ዛሬም ይከብደኛል።

መድኃኒቱ ያኔ ነበር። የዚያ ሾፌር ቁልፍ ከትራሱ ሥር ባለበት ጊዜ፣ እሱን ማዳን የሚችል መድኃኒት ዓለም ላይ ነበር። ቫይረሱን ፍራንስዋዝ ባሬ-ሲኑሲ እና ሉክ ሞንታኚዬ ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በ1987 የመጀመሪያው መድኃኒት ኤዜድቲ ተፈቀደ፤ ብቻውን ግን ብዙም አላስኬደም፤ ቫይረሱ ይለምደዋል። በ1996 ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ላይ መስጠት ሞትን እንደሚያቆም ተረጋገጠ። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ሊሞቱ የተዘጋጁ ሰዎች ከአልጋ ተነስተው ወደ ሥራ ገቡ። ዋጋው ለአንድ ሰው በዓመት ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ዶላር ነበር።

ከላይ ያልኩህን ቁጥር እስቲ መልሰህ እየው። የዓለም ሞት ጣሪያ የነካው በ2004 ነው። መድኃኒቱ በታወቀ በ8 ዓመቱ። እነዚያ ሰዎች መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም የሞቱት። መድኃኒቱ እነሱ ያሉበት አገር ስላልደረሰ ነው። ሰው ስለ ኤድስ ሲያወራ ይሄን ሲዘለው ያመኛል።

ዋጋው የወረደው በትግል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲፕላ የሚባል የህንድ ኩባንያ ሦስቱን መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት በ350 ዶላር እሸጣለሁ አለ። በቀን ከአንድ ዶላር በታች ማለት ነው። በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካን መንግሥት ርካሽ መድኃኒት እንዳያስገባ የከሰሱ 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች በሕዝብ ቁጣ ክሳቸውን አነሱ። በ2002 ለኤድስ፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለወባ ገንዘብ የሚሰጠው ግሎባል ፈንድ ተቋቋመ። በ2003 አሜሪካ በሌሎች አገሮች የኤድስ ሕክምናን የሚደግፈውን ፔፕፋር የተባለ ፕሮግራም አወጀች። ቦትስዋና ከአፍሪካ ቀድማ በ2002 ለዜጎቿ መድኃኒቱን በነፃ መስጠት ጀመረች። ደቡብ አፍሪካ ግን ዘገየች። ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ኤድስን የሚያመጣው ኤችአይቪ መሆኑን ይጠራጠሩ ነበር። በዚያ መዘግየት ምክንያት ከ330 ሺህ በላይ ሰዎች እንደሞቱ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ገምተዋል። የአንድ መሪ ጥርጣሬ ስንት ቤት እንደሚዘጋ ከዚህ በላይ ማሳያ አላውቅም።

እኛ ዘንድ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) ነው። ከዚያ በፊት ከፍሎ የሚወስድ ነበረ፤ መሬት ሽጦ፣ ወርቅ ሽጦ። ለስንት ወር ይበቃል? ያልቅና ያቋርጣል።

ከዚያ ዓመት በኋላ ያየሁትን በቃላት መግለጥ ይቸግረኛል። በቃሬዛ የመጣች ሴት በሦስተኛው ወር ራሷ በእግሯ መጥታ ኪኒኗን ትወስዳለች። መጀመሪያ «ዕድሜ ማራዘሚያ» ነበር የምንለው። ኋላ ያንን ስም ተውነው፤ ትንሽ የሚያስረዝም ብቻ ይመስላላ። ችግር አልነበረውም እንዳልልህ። የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች ከባድ ነበሩ። ዲ ፎር ቲ የምንለው የጉንጭን ሥጋ ያጎድል ነበር። ሰው ዳነ፤ ፊቱ ግን አጋለጠው። ጠዋትና ማታ በ12 ሰዓቱ መዋጥ ነበረበት። «ፀበል ጀምሬያለሁ» ብለው መድኃኒቱን የሚያቆሙም ነበሩ። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ፀበሉንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ ስንት ሰው እንደተመለሰልን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁሉ የማስታውሰው የጠርሙሱን ድምፅ ነው። ኪኒኑ የሚታደለው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ቦርሳ ውስጥ ሲሆን ሲራመዱ ይንኳኳል። ሰዎች ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ወጥተው ግቢው ጥግ ይቆማሉ። ጠርሙሱን ከፍተው ኪኒኖቹን በፌስታል ይገለብጣሉ። ከዚያ ጥብቅ አድርገው ይቋጥሩታል። ባዶው ጠርሙስ ግቢው ውስጥ ይቀራል። በየማታው ጽዳቷ ትለቅመዋለች። እኔም ሆንኩ የሥራ ባልደረቦቼ መድኃኒቱ እርጥበት እንዳይነካው ከጠርሙሱ አታውጡት ብለን አስተምረናል፤ ግን ማን ይሰማናል? አውቶቡስ ላይ ከጎን የተቀመጠው ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ዛሬም የሚያደርጉት አሉ።

እንግዲህ «ለምን ዝም ተባለ?» ላልከኝ አንዱ መልስ እዚያ ፌስታል ውስጥ አለ።

ዛሬ መድኃኒቱ በቀን አንድ ኪኒን ነው። ዶሉቴግራቪር የሚባለው ያለበት ነው፤ ፊት አያጎድልም። በፆም የሚፆም ሰው ሰዓቱን አስተካክሎ ይወስደዋል፤ በረመዳንም በአፍጥር ሰዓት ይዋጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በዓለም ላይ 31.6 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት ላይ ነበሩ። መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። ያኔ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይሄ ለማጽናናት የሚባል አይደለም። አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው፣ ሌላቸው የሌለባቸው ጥንዶች አውሮፓ ውስጥ ለዓመታት ያለ ኮንዶም ኖረው ሲከታተሏቸው፣ መድኃኒት ላይ ካለው ሰው ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም አልተገኘም። እናት መድኃኒቷን በደንብ ከወሰደች ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ነፃ ልጅ ትወልዳለች። እኔ ከዕለታት አንድ ቀን በቃሬዛ ያየኋት እናት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጅ አላት፤ ነፃ ነው።

ስለዚህ አንተ ያላየኸው ሰው የለም ማለት አይደለም። ጅቡቲ ተራ ስትይዝ ከፊትህ የቆመው ሾፌር ሊሆን ይችላል። እዚሁ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ቡና የምታፈላልህ ሴት ልትሆን ትችላለች። ጤነኛ ነው፤ ይሠራል፤ ያንተን ያህል ይኖራል። አይነግርህም። ለምን ይንገርህ? «እከሌም በሱ ሄደ» ሲባል እየሰማ ነው።

ይሄ የምሥራቹ ዝምታ ነው። ሌላኛው ዝምታ ግን የተለየ ነው።

ድሮ «ታቀብ፣ ተወሰን፣ ኮንዶም ተጠቀም» የማይል ሬዲዮ አልነበረም። የራስ ቅል የተሳለበት ፖስተር በየግድግዳው ነበር። ያ ፖስተር ሰውን ከማስተማር ይልቅ አስፈራርቷል፤ ስለ ራስ ቅሉ አላለቅስም። ግን ሲወርድ ሌላ ነገር አልተሰቀለም። ሞት ሲቀንስ ገንዘቡም፣ ትምህርቱም፣ ክበቡም ቀነሰ። የትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበቦች ፈረሱ። አሁን የምመረምራቸው አዲስ ተያዦች ውስጥ የአንተ ዕድሜ ልጆች አሉ። «ሲስተር፣ ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ?» ይሉኛል። የምሬን ነው፤ ይሄን ጥያቄ ውጤት ከሰሙ በኋላ ሲጠይቁኝ ልቤ ይሰበራል። አንተ ቀድመህ ስለጠየቅከኝ ነው በጽሑፍህ ደስ ያለኝ።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሰዎች 0.9 በመቶው ቫይረሱ እንዳለባቸው አሳይቷል። ትንሽ ይመስላል። ግን በገጠር 0.4 በመቶ ሲሆን በከተማ 2.9 በመቶ ነው። ሰባት እጥፍ። አገራዊው ቁጥር አዳማን፣ አዋሽን፣ ሚሌን አያሳይህም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት አቆመ። ፔፕፋር ለሃያ ዓመታት ብዙ አገሮችን የያዘ ምሰሶ ነበር። በየአገሩ ሠራተኞች ተበተኑ፤ የማኅበረሰብ አገልግሎቶች ተዘጉ። ዩኤንኤድስ ይሄ ድጋፍ ጨርሶ ከተቋረጠና ካልተተካ እስከ 2029 ድረስ 4 ሚሊዮን ተጨማሪ ሞትና 6 ሚሊዮን ተጨማሪ አዲስ ተያዦች ሊኖሩ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ይሄ ቫይረስ ከሰውነት አይወጣም፤ መድኃኒቱ ተኝቶ እንዲቆይ ነው የሚያደርገው። መድኃኒት ያቆመ ሰው ደም ውስጥ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይራባል። የአጎትህ ዘመን ሩቅ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ይሄ የሆነው ትልቅ ነገር በተገኘበት ሰዓት ነው። ሌናካፓቪር የሚባል መርፌ አለ። በስድስት ወር አንዴ ይወጋል። ቫይረሱ የሌለበትን ሰው እንዳይያዝ ይከላከላል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገው ጥናት መርፌውን ከወሰዱ 2,134 ወጣት ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። አንድም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች እንዲጠቀሙበት መከረ። ክትባት አይደለም፤ ግን በሥራ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ ለክትባት የቀረበው ነገር ነው። አሁን ጥያቄው የ1996ቱ ነው፦ ሚሌ ሆቴል ለምትሠራው ልጅ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?

ስለ ራስህ ደግሞ እንዲህ ነው። ምርመራው በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ነው። ጣትህን ትወጋለህ፤ አንዲት ጠብታ ደም ናት። ሃያ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለህ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ተራ ስትይዙ ከዚህ በላይ ትቆያላችሁ። ቅርብ ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርገህ ከሆነ ምርመራው ላያሳየው ይችላል፤ ከሦስት ወር በኋላ መድገም አለብህ። ኮንዶም መኪና ውስጥ ይኑርህ፤ ዳሽ ቦርዱ ላይ ግን አታድርገው፤ የአፋር ሙቀት ላስቲኩን ያበላሸዋል። ኮንዶም ቢቀደድ ወይም ሳትጠቀም ብታድር በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ድረስ። ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ ኪኒን አለ። ቶሎ በጀመርክ ቁጥር ይሻላል፤ አዳማ እስክመለስ አትበል፣ አዋሽም ሰመራም ላይ ጠይቅ። በትንኝ፣ በእጅ መጨባበጥ፣ በአንድ ሳህን በመብላት አይተላለፍም፤ ይሄን ታውቃለህ ብዬ አልፈዋለሁ። ውጤትህ ፖዘቲቭ ቢሆን በዚያው ቀን መድኃኒት መጀመር ትችላለህ። ድሮ ሲዲ ፎሩ እስኪወርድ ጠብቁ እንል ነበር። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ተለውጧል፤ ማንም አይጠብቅም።

አጎትህን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ጓደኞቹን ሲቆጥር ራሱ ተመርምሮ ያውቃል? የእሱ ዕድሜ ሰዎች ብዙዎቹ «ካለብኝም እስካሁን ይገድለኝ ነበር» ብለው ሳይመረመሩ ነው የሚኖሩት። ከሄድክ አብራችሁ ሂዱ። ሃያ ደቂቃው ለሁለት ሲሆን ይቀላል። ውጤቱን ሰምታችሁ ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ የሱንም እመልሳለሁ።